ሐሙስ የደረሰ ሳቅ

በአይስላንድ ምዕራብ፣ ከባሕሩ ጉሮሮ፣
አንድ ፋብሪካ አለ፣ የተሠራ በቆርቆሮ።
ፀሐይ በኅዳር ወር ከተራራው ጀርባ ገብታ ትቀራለች፣
“ጥር ሳያልቅ አልመጣም” ብላ ምላለች።
ውስጡ ግን ይበራል፤ ነጭ መብራት፣ ነጭ ጋዋን፣
ዓሣው በጎማ ቀበቶ ይጓዛል ሌሊትና ቀን።

ቦዤና ከፖላንድ ናት፤ ሮዴልዮ ከፊሊፒንስ፤
ራሱን እሷ ትቆርጣለች፣ እሾሁን እሱ ይለቅማል፣ እስከ ጭራው እስኪደርስ።
ሽማግሌው ቶርግሪሙር የዚያው መንደር ልጅ ነው፣
ዐርባ ዓመት ዓሣ ሲከፍት አፉን ግን ያልከፈተው።
እኔ ሳጥን ጫኝ ነኝ፤ በር ላይ ቆሜ አያለሁ፣
የሦስቱንም ሳቅ በኮቴው አውቀዋለሁ።

የሚነጋገሩበት ቋንቋ የማንም አይደለም፤
ከአንዱ ግስ ተውሰው፣ ከሌላው ደግሞ ስም፣
የጎደለውን በእጅ፣ በቅንድብ ይሞሉታል፤
ዓሣው አፉን ከፍቶ ያዳምጣል።

ሰኞ በዕረፍት ሰዓት ቦዤና ቀልድ ጀመረች፤
ጓንቷን አወለቀች፣ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።
“አንድ ሰው ሞተ” አለች። (በእናቷ ቤት ቀልድ ሲጀመር
መጀመሪያ ሰው ይሞታል፤ ያለዚያ አያምርም ነገር።)
“ሰማይ ቤት ቢደርስ ሰልፍ አለ፤ ጫፉ አይታይም፤
ከኋላ ሄዶ ቆመ፤ ‘ምን ይታደላል?’ አላለም።
መቶ ዓመት ቆመና ከመስኮቱ ደረሰ፤
መልአኩ ወረቀቱን አገላበጠ፣ መለሰ፤
‘ማኅተም የለውም’ አለው፤ ‘ሞትህ አልጸደቀም፤
ሄደህ አስመትተህ ና፤ ዓርብ ከሰዓት አንሠራም!’”

ሮዴልዮ “ሰው ሞተ” ስትል ነው ሳቅ የጀመረው፤
ጠረጴዛ እየደበደበ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው።
በነሱ ቤት ሳቅ ሲመጣ በር ላይ አያስቆሙትም፣
የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ ብለው አይጠይቁትም።

ቶርግሪሙር ሻዩን ጠጣ። ጢሙን ጠረገ። አሰበ።
ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ አንድ ጥያቄ አቀረበ፤
“በሰልፉ ውስጥ ስንት ሰው ነው?”
ቤቱን ጸጥታ ዋጠው።
ቀልድም እንደ ዓሣ ነው፤ ሆዱ ከተከፈተ
ሁሉን ታያለህ። ግን ያው፣ ሞተ።

ማክሰኞ ማዕበል መጣ። የጎረቤቱን ጣሪያ
ነቅሎ ባሕር ላይ ጣለው፣ ከነአንቴናው፣ ከነማሰሪያ።
ቶርግሪሙር “ትንሽ ነፈሰ” አለ፣ ፊቱን ሳይፈታ፤
እነሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በሐዘን፣ በዝግታ።
(ይህ የሱ ቀልድ ነበር። የዓመቱ ምርጥ። ማን ይንገራቸው?
እሱም ምንም አላለ፤ ቢላቸውን ሳለላቸው።)

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ሌሊት ይሁን ቀን ሳይለይ፣
ዓሣው ሲመጣ ተሰልፎ በጎማው ቀበቶ ላይ፣
አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ ጭራ ከአፍ ገጥሞ፣
ሳይጋፋ፣ ሳይጠይቅ፣ ተራውን ጠብቆ ተጋድሞ፣
የቶርግሪሙር ቢላ አየር ላይ ቀረ።
ጎንበስ አለ። ዓሣውን በጓንቱ አዞረ።
ሆዱን አየ፣ ጀርባውን አየ፣ እንደ ሹም ተኮሳተረ፤
“ማኅተም የለህም” አለው። “ተመለስ።”

ክረምቱን በረዶ ውስጥ የከረመ የጀልባ ሞተር ነበር ሳቁ፤
ሳለ፤ ተንተፋተፈ፤ ጠፋ፤ ሲነሣ ግን መስኮቶቹ ተነቃነቁ።
ቦዤና ቢላዋን ጥላ ግድግዳው ላይ ተደገፈች፤
“ሦስት ቀን!” ትላለች፣ “ሦስት ቀን!” ታለቅሳለች፣ ትስቃለች።
አለቃው ሰው የተቆረጠ መስሎት እየጮኸ ሮጠ፤
የሚደማ ፍለጋ በሚስቁ ሰዎች መሐል አፈጠጠ።

ሮዴልዮም ይስቃል፣ እንደ ወትሮው፣ ከሁሉም በላይ።
ኋላ፣ ቦት ጫማ ሲያጥቡ፣ ጎንበስ ብሎ በቦዤና ጆሮ ላይ፦
“አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ያ ሰውዬ፣ የሰኞው፣
ከሞተ በኋላ ምን ሆነ? አልገባኝም ጨዋታው።”
“ታዲያ ምን ሲያስቅህ ከረመ?”
“አፍንጫሽ። አፍሽ ሳይከፈት እሱ ለመሳቅ ቀደመ።”

ወጣን። ነፋሱ የአለቃውን ኮፍያ ከራሱ ላይ ነጥቆ
በመብራቱ ሥር አሳልፎ ወሰደው፣ ወደ ጨለማው፣ አርቆ።
ሮዴልዮ ቆመ። አየር ሳበ። ፊቱን እንደ ድንጋይ አጠነከረ፤
“ትንሽ ነፈሰ” ብሎ በቶርግሪሙር ድምፅ ተናገረ።

ሽማግሌው አልሳቀም። ቅንድቡን ብቻ አነሣ፤
እስከ ቤቱ በር ድረስ ማውረዱን ረሳ።